ከሸማ ተራ እስከ አማኑኤል

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ በእሳት መያያዙን የሰማሁት እንደ አብዛኛው ሰው በስልክ ነው። ጭሱንም እዚያችው ስልክ ላይ አየሁት። ሱቅ የለኝም፣ የሚቃጠልብኝ ዕቃም የለኝም። እናቴ ነጠላና ጋቢ ትቸረችርባት የነበረችው መደብ ለሌላ ሰው ከተላለፈች ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ግን ያደግሁት እዚያ ነው፤ ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

በሳምንቱ ሄድኩ። የተቃጠለ ጥጥ ሽታ ገና ከአካባቢው አልወጣም ነበር። ከእናቴ መደብ አጠገብ ይነግዱ የነበሩ አንድ አዛውንት (ጋሼ እያልኩ ነው ያደግሁት) ከፍርስራሹ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ የለዩኝ በድምፄ ነው። የጠፋውን ንብረት፣ የባንኩን ዕዳ፣ የልጆቻቸውን ጭንቀት አንድ በአንድ አወሩኝ። ከዚያ ዝም ብለው ቆዩና «ያ ቋጪው ልጅ ይተኛባት የነበረች በረንዳም ሄደች» አሉኝ።

አርባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በዚህ ሁሉ ዘመን ያንን ልጅ ከእኔ በቀር የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። እቤቴ ስገባ ስለ እሱ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሁለት ገጽ ይበቃዋል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ኋላ ግን ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ሆስፒታሉና ስለ ሕጉ ሳገላብጥ ነገሩ ከአንድ ልጅ በለጠብኝ። 

በቅድሚያ ልጁ።

ነጠላ ከሸማኔ እጅ ሲወጣ ጫፉ ላይ የድሩ ክር እንደተንጠለጠለ ነው የሚመጣው። ያንን ክር በጣት እያሸ፣ እያከረረ የሚያስር ሰው ያስፈልጋል። መቋጨት ይባላል። ልጁ በዚህ ሙያ አቻ አልነበረውም። ስም ነበረው፤ እዚህ አልጽፈውም። ተራው በሙሉ ግን «ቋጪው» ነበር የሚለው። የመጣው ከጋሞ ደጋ ነው። «አዲስ አበባ ወስጄ አስተምርሃለሁ» ያለው ዘመድ ሽሮ ሜዳ ካደረሰው በኋላ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠው (የሸማኔ እግር የሚገባበትን ጉድጓድ ማለቴ ነው)። ሁለት ዓመት ያህል ከጧት እስከ ማታ መወርወሪያ ሲያመላልስ ኖረ። ቀለም የሚባል ነገር ሳያይ፣ አንድ ቀን ጠፋ። ይህ የእሱ ብቻ ዕጣ አልነበረም። ከጋሞ ልጆች ለሽመና እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ መወሰዳቸው፣ ከፊሎቹም እየጠፉ ጎዳና መውጣታቸው በኋለኞቹ ዓመታት ብዙ የተጻፈበት ጉዳይ ነው።

ከሽሮ ሜዳ የጠፋ ልጅ የት ይሄዳል? የሠራው ሸማ ወደሚሸጥበት። ቀን እሥር ጋቢ እየተሸከመ ከመኪና ወደ ሱቅ ያመላልሳል፣ ማታ ማታ ይቋጫል፣ ሌሊት በረንዳ ላይ ያድራል። እናቴ የተረፈ እንጀራ አታጣለትም ነበር።

ዕድሜው ስንት ነው? እናቴ «ካንተ ጋር እኩያ ነው» ትላለች። እኔ አሥራ አምስት ነበርኩ። ጋሼ ደግሞ «ኧረ ይሄ አሥራ ሁለትም አይሞላው!» ይሏታል። እሱ ራሱ አያውቀውም። ይህቺን የዕድሜ ነገር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

በ1978 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ከአንድ ነጋዴ ሁለት ጋቢ ጎደለ። በረንዳ ላይ የሚያድረው እሱ ነው፤ ሌላ ማን ይጠረጠራል? የቀበሌ ጥበቃዎች ወሰዱት፣ ከዚያ ወደ ጣቢያ ተላለፈ። ሦስት ሳምንት ገደማ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ታስሮ ተለቀቀ። ጋቢዎቹን ወስዷቸው ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። በልጅነቴ የሚያንገበግበኝ ይኸው ጥያቄ ነበር። አሁን ግን ቢወስዳቸውስ እላለሁ።

ሲመለስ ጭንቅላቱ ተላጭቷል። ይሄ ምንም አይደል፤ ፀጉር ይበቅላል። ዝምታው ነው ያስፈራን። የሚቋጨውን ነጠላ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጣቶቹን ሳያንቀሳቅስ ሰዓታት ይቀመጣል። ምግብ ሲሰጡት ይቀበላል፣ አይበላም። ሌሊት አይተኛም። እናቴ «ልጁን ዓይን በልቶታል፣ ጠበል የሚወስደው ሰው ይፈለግ» አለች። ሰው አልተገኘም። የሰኔ ወር የገበያ ወር ባይሆንም ማንም ሱቁን ዘግቶ እንጦጦ የሚወጣ አልነበረም።

አንድ ማታ አጠገቡ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን ስሠራ «አንተ» አለኝ፤ «የማያስነሳ እንቅልፍ አማረኝ።»

ሳቅሁ። «አንተን እንኳን አማኑኤል ነው የሚያስፈልግህ!» አልኩት። በመርካቶ ልጅ አፍ ይህ ስድብ ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ የምንወራወረው።

እሱ አልሳቀም። «ሩቅ ነው?» አለኝ።

«እዚሁ ነው። በእግር ነው።»

«ይቀበሉኛል?»

«ለእብድ ነው ባክህ!»

በአራተኛው ቀን ራሱን አጠፋ። ስለ አሟሟቱ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ማወቁም ለማንም አይጠቅም። ዕድር የለው፣ ዘመድ የለው። ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም ተባለ። ነጋዴዎቹ አዋጥተው ቀበሩት፤ በማግሥቱ ገበያው እንደ ወትሮው ዋለ።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ ልግባ። «እዚሁ ነው» ያልኩት ቦታ እንዴት እዚያ እንደተገኘ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከተማዋን በቆዳ ቀለም ለመክፈል ተነሳ። አራዳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ትልቁ ገበያ ለነጮች ሊሆን ከታሰበው ሰፈር መራቅ ነበረበትና ወደ ምዕራብ ተገፋ። የአገሬው ሰው ገበያ ለማለት «መርካቶ ኢንዲጄኖ» አሉት። ኢንዲጄኖው ከጣልያን ጋር ሄደ፣ መርካቶው ቀረ። በዚሁ አካባቢ፣ በዚያው በወረራው ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. የዛሬው አማኑኤል ሆስፒታል ተቋቋመ። ገበያውና ሆስፒታሉ እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ኋላ ሆስፒታሉ የመላ አገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ኖረ። ከየክፍለ ሀገሩ በአውቶቡስ የተጫነ በሽተኛ፣ አንዳንዱም እጁ በገመድ እንደታሰረ፣ መርካቶ ወርዶ በእግሩ ወደዚያ ሲወሰድ እያየን ነው ያደግነው። ታዲያ ስድብ ብናደርገው ምን ይገርማል? ልጅ የሚፈራውን ነገር ይሳደብበታል።

ሁለተኛው ተቋም ከመርካቶ በስተደቡብ፣ ልደታ ነው ያለው። ከነፃነት በኋላ የተቋቋመው የሕፃናት ጠባይ ማረሚያ፣ በሕግ ጥላ ሥር የወደቁ ልጆች ከትልልቆቹ ተለይተው እንዲቆዩበት የታሰበ፣ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው ሆኖ የቆየ ቤት ነው። አንድ አገር፣ አንድ የአእምሮ ሆስፒታል፣ አንድ የልጆች ማረሚያ። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው መንገድ በእግር አንድ ሰዓት የማይፈጅ። ተክለ ሃይማኖትን ማቋረጥ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሕጉ ነው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት የጄኔቫው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ናቸው። ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታወጀ፤ ሥራ ላይ የዋለው በነፃነት በዓል ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። ሕጉን ያነበብኩት እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው ነው፤ የሕግ ሰዎች ይቅር ይበሉኝ። ሳነበው ግን ተደነቅሁ። ልጆችን በሦስት ይከፍላል። ከዘጠኝ ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያለው ለልጅ ተብለው በተለዩ እርምጃዎች ይታያል እንጂ ለትልልቆች የተደነገገው ቅጣት አይደርስበትም፣ ከትልልቅ ወንጀለኞች ጋርም አይታሰርም። ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያለው በመደበኛው ሕግ ቢዳኝም ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ወረዳ ፍርድ ቤት ይቅረብ፣ ጉዳዩም በዳኛው ጽሕፈት ቤት በዝግ ይታይ ይላል።

ከሁሉ የገረመኝ ይህ ነው። ዳኛው ከመወሰኑ በፊት የልጁን አስተዳደግ፣ ጠባይና የአእምሮ ሁኔታ ማጣራት ይችላል፤ ሐኪም ወይም የሙያ ሰው ማስመርመር፣ ለክትትልም ወደ ሕክምና ወይም ወደ ትምህርት ተቋም መላክ ይችላል። ልጁ የአእምሮ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የመጠጥ ወይም የዕፅ ሱስ ካለበት ደግሞ ወደ ተስማሚ የሕክምና ተቋም እንዲገባ ያዝዛል። ይኼው ሐሳብ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 54 እና 158 ላይ አለ። (ፍትሐዊ እንሁንና፣ አሮጌው ሕግ ልጅን በልምጭ ማስገረፍንም ፈቅዶ ነበር። አዲሱ አስቀርቶታል።)

ስለዚህ ቋጪው በተያዘበት በ1978 ዓ.ም. ሕጉ ሃያ ስምንት ዓመት ሥራ ላይ ውሏል። ከትልልቅ ሰዎች ጋር አይታሰርም ይል ነበር፤ ታሰረ። ወዲያው ዳኛ ፊት ይቅረብ ይል ነበር፤ ሦስት ሳምንት ቆየ። አእምሮው ይታይ ይል ነበር፤ ማን ሰምቶ። በዚያው ዓመት፣ በኅዳር 1978 ዓ.ም.፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ወጣት ጥፋተኞች ፍትሕ አስተዳደር «የቤጂንግ ደንቦች» የተባሉትን አጸደቀ። ከሸማ ተራ በረንዳ ሆኖ ሲታይ ቤጂንግም ልደታም እኩል ሩቅ ነበሩ።

የዕድሜውን ነገር ያዙልኝ ብዬ ነበር። ሕጉ የቆመው በዕድሜ ላይ ነው፦ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት። ልጁ ግን የልደት ወረቀት የለውም። እኛ ትምህርት ቤት ስንገባ እጃችንን በአናታችን ላይ አዙረን የማዶውን ጆሮ እንድንነካ ነበር የምንጠየቀው። ጣቢያ የገባውን ልጅ ዕድሜ የሚወስነው ደግሞ መዝገብ የያዘው ሰው ዓይን ነው። ረዘም ያለ፣ ሸክም ትከሻውን ያሰፋው፣ ድምፁ የጎረነነ ልጅ «አሥራ ስምንት» ተብሎ ይጻፋል፤ ከዚያች መስመር በኋላ ግራቨን ያረቀቁት ሁሉ አይነካውም። በአገራችን ስለ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚደነግገው አዋጅ 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከሕጉ አምሳ ስምንት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ኋላ ሕግ አጥንታ ለዓመታት በዳኝነት ሠርታለች። ይህን ጽሑፍ ስጀምር ቤቷ ሄጄ ጠየቅኋት። «መምህር፣ አንቀጹን እናውቀዋለን» አለችኝ። «ልጁ ፊቴ ቆሞ ዓይኑ እዚያ የለም። ተመርምሮ ይቅረብ ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ ማን ይዞት ይሂድ? አጃቢ የለም፣ መኪና የለም፣ ወላጅ የለም። በቀጠሮው ቀን ያው ልጅ ያለ ምርመራ ተመልሶ ፊቴ ይቆማል። ሦስተኛ ቀጠሮ ብሰጥ እስራቱን ማርዘሜ ነው። ስለዚህ ወስኜ እለቀዋለሁ።» ቡናዋን አንድ ጊዜ ፉት አለችና «አንዳንዶቹ ኋላ ምን ሆኑ ብዬ አልጠየቅሁም። መጠየቅ ፈርቼ ነው» አለች።

በእርግጥ አጃቢ ቢገኝስ ማን ያየው ነበር? በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ሲጀምር፣ በመላ አገሪቱ የነበሩት የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከአሥር ብዙም የማይበልጡ፣ ውጭ ተምረው የመጡ ነበሩ። በ1978 ዓ.ም. ምን ያህል እንደነበሩ አንባቢ ይገምት። ያም ሆኖ በር ነበረ። የሚያንኳኳ ነው የጠፋው።

«ጠፋ» አልኩ? ይህ ቃል ለብዙ ዓመት ሲከነክነኝ የኖረ ነው። ልጁ ከሽሮ ሜዳ ጠፋ። ቀጥሎ አጠፋ ተባለ። በመጨረሻ ራሱን አጠፋ። ሦስቱም አንድ ግንድ ላይ የበቀሉ ናቸው። ጥፋት የምንለው ሁለቱንም ነው፣ በደሉንም ውድመቱንም። ሰው ስንናፍቅ ደግሞ «ምነው ጠፋህ?» እንላለን። ቋጪውን በአጠፋህ የጠየቀው ብዙ ነበር። በጠፋህ የጠየቀው አልነበረም። 

ለነገሩ ስሞቹ እንደ ዘመኑ ይለዋወጣሉ። ወህኒ ቤት ማረሚያ ቤት ሆነ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወንጀል ሕግ ሆነ፤ መቅጫዋ ወደቀች፣ ወንጀለኛውም ከርዕሱ ወጣ። ደግ ለውጥ ነው። ይሁንና በዚያው በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 384 ደግሞ «አደገኛ ቦዘኔ» የሚል ስም ወለደ። ቦዘነ ማለት ሥራ ፈታ ማለት ነው፤ አዋጁ አደገኛ ብሎ ጨመረበት፣ ዋስትናም ከለከለው። በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ከምርጫው ጋር በተያያዘው ግርግር በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ ብዙዎቹም የመርካቶና የአካባቢው ልጆች፣ ታፍሰው ደዴሳን ወደመሳሰሉ ካምፖች ሲጋዙ «አደገኛ ቦዘኔ» የሚለው ስም በየዜናው ይሰማ ነበር። ከመካከላቸው አካለ መጠን ያልደረሱ ነበሩበት። በ1984 ዓ.ም. የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን ተቀብለን፣ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ልጆች ከአዋቂ ተለይተው ይያዛሉ ብለን ከጻፍን በኋላ ነው ይሄ። ራሳቸው ተላጭቶ ሲመለሱ አይቻቸዋለሁ። ያኔ መምህር ነበርኩ። አንዱ ክፍሌ ውስጥ ከኋላ ይቀመጥ ነበር፤ ከመለሰ በኋላ አንድ ጥያቄ እንኳ ጠይቆ አያውቅም። ይህን ግን በሌላ ጊዜ።

ሌላው ዓለም ምን አገኘ? ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት በእንግሊዝና በዌልስ እስር ቤቶች ከ1978 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ራሳቸውን ያጠፉ ወንዶችን ይቆጥራል። ታሳሪው በጠቅላላ ውጭ ካለው እኩያው አምስት እጥፍ ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው። ከ15 እስከ 17 ዓመት ያሉት ልጆች ግን 18 እጥፍ። ከሦስት ዓመት በኋላ እዚያው ተመራማሪ፣ ሲና ፋዝል፣ ከባልደረቦቹ ጋር ከተለያዩ አገሮች 25 ጥናቶችን አሰባስቦ ሲያይ፣ ማረሚያ ካሉ ወንድ ልጆች ከአሥሩ አንዱ፣ ከሴቶቹ ደግሞ ከአሥሩ ሦስቱ የሚጠጉት ከባድ የድብርት ሕመም እንዳለባቸው አገኘ። እነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ከመታሰራቸው በፊት የተጎዱ ናቸው፤ እስሩ የነበረው ቁስል ላይ ነው የሚያርፈው። በጣም አስጊ ሆነው የተገኙት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሌሊቶች ናቸው። እኛ ልጅን ጣቢያ አሳድረን «ትንሽ ይቅመስ» የምንልባቸው ሌሊቶች።

የእኛስ ልጆች? እስር ቤት መሄድ ሳያስፈልግ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. ሁለት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ያሳተሙትን ማየት ይበቃል። በአዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል ራሴን ለማጥፋት ሞክሬ አውቃለሁ ያለው ከመቶ 14 ነበር። እነ ዶክተር አታላይ ዓለም በቡታጅራ ከአሥር ሺህ በላይ አዋቂዎችን ጠይቀው በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ደግሞ 3.2 ከመቶው ሞክረናል ብለዋል፤ ብዙዎቹ የሞከሩት ከ15 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ደብተር ይዞ፣ ከወላጅ ጋር እየበላ የሚያድረው ልጅ እንዲህ ከሆነ፣ በረንዳ የሚያድረው እንዴት ሊሆን ነው? የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ራሳቸውን ያጠፉትን 727,000 ያህል ያደርሳቸዋል። ከ15 እስከ 29 ዓመት ላሉት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሐኪሞቹ ደጋግመው ይላሉ፤ ለእኔ ዘግይቶ ነው የደረሰኝ። «ራስህን ስለማጥፋት ታስባለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን ልጁ ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም። ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ሰው ሸክሙ ነው የሚቀልለት። እኛ ግን ስሙን ከጠራነው ይመጣል ብለን እንፈራለን፤ እኔ ደግሞ ሳቅሁበት።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሙያ አንድ ነገር ልጨምር። ለብዙ ዓመታት የዶስቶየቭስኪን «ወንጀልና ቅጣት» አስተምሬአለሁ። ራስኮልኒኮቭ የሃያ ሦስት ዓመት ድሃ ተማሪ ነው፤ ገድሎ ታመመ። ሕሊና፣ ኃጢአት፣ ንስሐ እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ሞላሁ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ «መምህር፣ ይሄ ልጅ ታሟል አይደል እንዴ? ለምን ሐኪም አያዩትም?» ብሎ ጠየቀ፣ ክፍሉም በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። (መሳቅ ልማዴ ሳይሆን አይቀርም።) ለካ በመጽሐፉ ውስጥ ሐኪም አለ! ዞሲሞቭ ይባላል። ራስኮልኒኮቭ ትኩሳት ላይ ወድቆ ሲቃዥ ያየዋል። ሐኪሙን ማን አመጣው? ራዙሚኺን፣ ጓደኛው። ሁልጊዜ ስለ ገዳዩ ሕሊና ሳወራ በደረጃው ላይ ሐኪም ይዞ የሚወጣውን ልጅ አላየሁትም ነበር። ያንን መጽሐፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ!

ምን ተለወጠ ለሚለኝ፣ ብዙ ተለውጧል። በ1992 ዓ.ም. ገደማ በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕፃናት ፍትሕ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ተከፈተ፤ በአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጉዳይ ክፍሎች ተቋቋሙ፤ ለልጆች የሚመች ችሎት መጣ። በ2005 ዓ.ም. አገራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ወጣ። የሥነ አእምሮ ሕክምና ዛሬ በሌሎች ሆስፒታሎችም ይሰጣል፣ እዚሁ የሠለጠኑ ሐኪሞችም በየክልሉ አሉ። ያልተለወጠም አለ። ልጅ በወንጀል የሚጠየቅበት ዝቅተኛው ዕድሜ ዘጠኝ ነበር፣ በ1996ቱም ሕግ ዘጠኝ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ ግን በ2019 እ.ኤ.አ. ከአሥራ አራት አይነስ ብሎ መክሯል። ስድቡም አልተለወጠም። በቀደም ታክሲ ውስጥ አንድ ረዳት ጓደኛውን «አማኑኤል ነው የሚያስፈልግህ!» ሲለው ሰምቼ ዞር አልኩ። ምን ልለው ነው? ዝም ብዬ ወረድኩ።

ጋሼን ለሁለተኛ ጊዜ ያየኋቸው ቅዳሜ ነው። ጽሑፉን አነበብኩላቸው። «ጋቢዎቹ የእኔ ነበሩ» አሉኝ። አላውቅም ነበር። «ጥበቃ የጠራሁትም እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ያስፈራሩታል ብዬ ነው» አሉና በእጃቸው ፊታቸውን አበሱ። ምን እንደምላቸው ስላጣሁ ልጁ የነገረኝን፣ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን፣ ያቺን የ«ይቀበሉኛል?» ጥያቄ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ካንተ በላይ እኔ ነበርኩ ትልቁ ሰው» አሉ።

ተሰናብቻቸው ስወጣ ወደ ቤቴ መሄድ አልፈለግሁም። በእግሬ ወደ አማኑኤል አቀናሁ። የቅዳሜ ገበያ ነው፤ ኩሊው ይጮሃል፣ ጋሪው ይገፋል፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። በሩ ላይ ስደርስ ሰዓቴን አየሁ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም።